አጭሩንና ረጅሙን የእንግሊዝኛ «ኢ» ለተማሪዎቼ እንዴት ላስተምር?

የተከበራችሁ የቋንቋ መምህራን፣ በደብረ ማርቆስ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አማርኛችን ሰባት አናባቢዎች ብቻ ስላሉት፣ ተማሪዎቼ መርከብና በግ በእንግሊዝኛ የሚጠሩባቸውን ሁለት ቃላት በአንዱ ሣልስ ሰምተው ሁለቱንም «ሺፕ» ይላሉ። አንዱን አስረዝሙ ስላቸው ያስረዝማሉ፤ ነገር ግን ልዩነቱ የርዝመት ብቻ ሳይሆን፣ በአጭሩ ድምፅ ጊዜ ምላስ ዝቅ ብሎ ወደ አፍ መሐል የሚሳብ በመሆኑ፣ ቃላቱ አሁንም በደንብ አይለዩም። ጆሯቸው ንቁ ለመሆኑ ምስክር አለኝ፤ «ገና» ጠብቆ በዓሉን፣ ላልቶ «እስካሁን»ን ሲያመለክት አንድም ልጅ አይሳሳትም። አጭሩን አናባቢ «በኢ እና በእ መካከል ያለ ነው» ብዬ ባስተምር ይበጃል ወይስ ሳድስ አድርገው እንዲለምዱት አደርጋለሁ? ደግሞስ የድምፅ መሣሪያ በሌለበት ሰፊ ክፍል፣ ከአፍ በፊት ጆሮን የምናለማምድበት የተፈተነ ዘዴ ያላችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ።