ለስደተኛ ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ወጪ መዋጮ፦ እንዴት እናድርገው?

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። 40 ሰዎች በወር 200 ብር እያዋጣን አንድ ስደተኛ ተማሪ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ እንዲማር ልንደግፍ አስበናል። ብሩን ለልጁ በእጁ እንስጠው?

ፒያሳ፦ ወንድሜ፣ የትምህርት ክፍያውን በእጁ አትስጡት። ከሬጅስትራር የክፍያ ደብዳቤ ተቀብላችሁ በዩኒቨርሲቲው ሒሳብ አስገቡ፤ ስሊፑ ላይ ስሙና መለያ ቁጥሩ ይጻፍ። ለምግብ፣ ለኮፒና ለትራንስፖርት ደግሞ ለብቻ በየወሩ ይድረሰው፤ ክፍያው ብቻ ከተሸፈነ ልጁ በእነዚህ ይረታል። መዋጯችሁ በዓመት 96,000 ብር ነው፣ ኢንጂነሪንግ ግን 5 ዓመት ነው። የአንድ ዓመቱ ሙሉ ሳይጠራቀም አታስመዝግቡት፤ መዋጮው መሃል ላይ ቢላላ የሚጎዳው እሱ ነው።

ኮምቦልቻ፦ ከብሩ በፊት ወረቀቱን እዩ። የስደተኛ መታወቂያውና የትራንስክሪፕቱ ስም ፊደል በፊደል ይግጠም፤ «ሙሐመድ» በእንግሊዝኛ ሁለት ዓይነት ከተጻፈ ምዝገባው ሊቆምበት ይችላል። ውጭ አገር ከተማረ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት (ማስረጃው ከአገራችን ደረጃ ጋር እኩል መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት) ያስፈልገዋል፤ ማስረጃው በዓረብኛ ከሆነ አስቀድማችሁ አስተርጉሙ። ዳፊንም ይሞክር፤ በ1992 እ.ኤ.አ. በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የተጀመረ፣ የተመድ የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የሚያስተዳድረው ስኮላርሺፕ ነው፤ ክፍያም ኑሮም ይሸፍናል። እሱን ካገኘ የእናንተ መዋጮ ለሌላ ልጅ ይውላል።

ቧንቧ ውሃ (ደሴ)፦ እግዜር ይስጥልን። የስሙን ነገር አላሰብነውም ነበር፤ ነገውኑ መታወቂያውንና ትራንስክሪፕቱን ጎን ለጎን እናያለን።