ከቦሌ ደለስ ስንት ሰዓት ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ በሐምሌ ልትመጣልኝ ነው፤ አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። ከቦሌ ደለስ (ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ያለው አየር ማረፊያ) ስንት ሰዓት ይፈጃል? አንዱ 13 ይለኛል፣ ሌላው 17። ትኬቱ ላይ ደግሞ ማታ ተነስቶ ጠዋት ይገባል። ግራ ገባኝ።

— እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ! የነገሩሽ ሰዎች ሁለቱም አልዋሹም። 13 ያለሽ ወደ አገር ቤት የሄደበትን ቆጥሮ ነው። ርቀቱ ያው ነው፣ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወደዚያ ስትሄጂ ግን ከምዕራብ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከኋላ ይገፋል፤ የትም ሳይቆም ቦሌ ያርፋል። ወደዚህ ሲመጣ ያው ነፋስ ፊት ለፊት ነው።

የቦሌም ጉዳይ አለ። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ደለስ 100 እንኳ አይሞላም። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም አቅማቸው ይቀንሳል። ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ በዚያ ላይ ነዳጅ ጢም አድርጎ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ ነዳጅ ቀነስ አድርጎ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል። እኔ በደብሊንም በሎሜም መጥቻለሁ።

ትኬቱን እንዲህ አንብቢው። ለምሳሌ 22፡30 ተነስቶ 8፡00 ይገባል ቢል፣ በእኛ ከምሽቱ 4፡30 እስከ ጠዋቱ 2፡00 ማለት ነው። 9 ሰዓት ተኩል ይመስላል። ግን ሁለቱም በየአገራቸው ሰዓት ነው የተጻፉት። በሐምሌ ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው፤ ደምሪው፣ 16 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በክረምት፣ የዚህን አገር ክረምት ማለቴ ነው፣ 8 ትደምሪያለሽ።

አንድ ነገር አደራ። ለነዳጅ እንደሚቆም ለእናትሽ አስቀድመሽ ንገሪያት። እኔ ለእማዬ መናገር ረስቼ ደብሊን ላይ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የበርበሬ ፌስታሏን አንጠልጥላ ቆመች። «ደረስን አይደል?» ብላ። አጠገቧ የነበረች ልጅ ናት እጇን ይዛ ያስቀመጠቻት። እስከ ዛሬ ትመርቃታለች።

— ዊልቸርም አስይዢላት፤ በነፃ ነው። እግሯ ደህና ቢሆንም። የሚገፋው ሰው ፓስፖርት መቆጣጠሪያው ድረስ ይዟት ስለሚሄድ ቋንቋ ለማያውቅ ትልቅ እፎይታ ነው። አንቺም አውሮፕላኑ እንዳረፈ አትደንግጪ፤ እስክትወጣ አንድ ሁለት ሰዓት ልትቆይ ትችላለች።

— ይቅርታ፣ ደለስ ነው ወይስ ዳላስ? የአጎቴ ልጅ ትኬቱን በስልክ ሲያስቆርጥ ተምታቶበት ቴክሳስ ሊሄድ ነበር። እዚህ ቨርጂኒያ አበባ ይዘን ልንጠብቀው!

— ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ደግሜ አየሁት፣ ደለስ ነው። ዊልቸሩን ነገ ደውዬ አስይዛለሁ።