ወንድሜ ዳኛ ገፍቶ በቀይ ወጣ፣ ክለቡ ደግሞ የሦስት ወር ደሞዝ ቀጣሁህ አለው። ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ የስምንት ቁጥር እህት

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ኳስ ብዙም አልከታተልም፤ ጥያቄዬ የጀማሪ ቢመስላችሁ ታገሱኝ። ታናሽ ወንድሜ ከፍተኛ ሊግ ላይ ባለ አንድ ክለብ ውስጥ ይጫወታል። የክለቡ ስም ይቅር። ውሉ ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል።

ባለፈው ጨዋታ መጨረሻው ላይ ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠባቸው። ወንድሜ ሮጦ ሄዶ ደረቱን ዳኛው ላይ ለጠፈ፣ ከዚያ በእጁ ገፋ አደረገው። ቀጥታ ቀይ። እየወጣም አፉን አልሰበሰበም። ጥፋቱን ራሱም አምኗል፤ እኔም ጠበቃ ልሁንለት አላልኩም።

ግራ የገባን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ፌዴሬሽኑ ምንም ሳይወስን የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ጠርቶ «የሦስት ወር ደሞዝ ተቀጥተሃል፣ ካምፕ እንዳትገባ» አለው። በቃል ነው፣ ደብዳቤ የለም። ያለፈው ወር ደሞዝ ደግሞ ከዚህ በፊትም የማንም ተጫዋች አልተከፈለም። አሁን አንድ ወረቀት አምጥተው ፈርም እያሉት ነው፦ «ጥፋቴን አምኜ ክለቡ ለሚወስደው ማንኛውም እርምጃ ተስማምቻለሁ» ይላል። አሰልጣኙ በበኩሉ ደውሎ «የፌዴሬሽኑ ደብዳቤ ስላልመጣ ለእሁድ ተዘጋጅ» ብሎታል። አንዱ አትግባ ይላል፣ አንዱ ተዘጋጅ ይላል።

ስንት ጨዋታ ሊቀጣ ይችላል? ክለቡስ እንዲህ ማድረግ ይችላል? ልጁ ተናዶ «ጥዬላቸው እወጣለሁ» እያለ ስለሆነ ቶሎ መልስ ብታገኙልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ቀኝ መስመር

አይፈርም!! ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ፈርሞ በኋላ ደሞዙን ያገኘ ተጫዋች እስካሁን አላየሁም።

ሁለተኛ፣ ካምፕ አትግባ ቢሉትም ቤት እንዳይቀመጥ። በልምምድ ሰዓት ትጥቁን ይዞ ይሂድ። ዘበኛው ከመለሰው ይመለስ፣ አይጨቃጨቅ። እዚያው በር ላይ ቆሞ ግን ለቡድን መሪው በቴሌግራም ይጻፍለት፦ «ለልምምድ መጥቼ በር ላይ ተመልሻለሁ።» በየቀኑ እንዲህ ያድርግ። ነገ «ያለፈቃድ ከልምምድ ቀርቷል» የሚል ክስ ሲመጣ ሰዓቱና ቀኑ ስልኩ ላይ ይኖራል። ክለቦች ውል ማፍረስ ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚይዟት ይህችን ናት።

መልስ፦ ጡረተኛው ፊሽካ

እህቴ፣ ብዙ ዓመት ዳኝቻለሁና የሜዳውን በኩል ልንገርሽ።

ቀይ ካርድ የቅጣቱ መጀመሪያ ነው። ዳኛው ከጨዋታው በኋላ ሪፖርት ይጽፋል፣ ኮሚሽነሩም (ጨዋታውን እንዲታዘብ የተመደበው ሰው) የራሱን ይጽፋል። የፌዴሬሽኑ የዲሲፕሊን ኮሚቴ የሚወስነው እነዚህን ይዞ ነው። ስለዚህ ስንት ጨዋታ የሚለው በሪፖርቱ ላይ ይመሠረታል። «በእጁ ገፋኝ» እና «መታኝ» ብዙ ይራራቃሉ። የፊፋ የዲሲፕሊን ደንብ ዳኛ ላይ ለሚፈጸም ከስፖርታዊ ጨዋነት ውጭ ለሆነ ድርጊት ቢያንስ 4 ጨዋታ ይላል። ዳኛ መደብደብ፣ ማለትም ቡጢ፣ ክርን፣ እርግጫ፣ መትፋት ከሆነ ቢያንስ 15 ጨዋታ ወይም በጊዜ የሚቆጠር እገዳ ነው። የአገር ውስጥ ውድድር በራሱ የዲሲፕሊን መመሪያ ነው የሚዳኘው፤ ስለዚህ የዘንድሮውን መመሪያ ከክለቡ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ግን ከዚህ ይገባሻል።

ሌላ አገርም ቀልድ የለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የሼፊልድ ዌንስዴዩ ፓውሎ ዲ ካኒዮ ዳኛ ፖል አልኮክን ገፍቶ ጣለውና 11 ጨዋታ ተቀጣ። በ2023 የፉልሃሙ ሚትሮቪች ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ ዳኛ ክሪስ ካቫናን እጁን ይዞ በመግፋቱ 8 ጨዋታና 75 ሺህ ፓውንድ ተቀጥቷል።

እየወጣ የተናገረውም ለብቻው ሊጻፍበት ይችላል። የዳኛው ሥልጣን በፊሽካ አያልቅም፤ ሜዳውን ለቆ እስኪወጣ ድረስ ካርድ ማሳየት ይችላል። ተጫዋቾቻችን ይህን የሚያውቁት ዘግይተው ነው።

መልስ፦ ቆሜ ነው የማየው

ግን ፍጹም ቅጣት ምቱ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? እስኪ እሱን ንገሪን 😄

መልስ፦ ጡረተኛው ፊሽካ

ቢሆንም ባይሆንም ለዚህ ጉዳይ ዋጋ የለውም። የዳኛው የሜዳ ውሳኔ የመጨረሻ ነው። ኮሚቴው ካርዱ ላይ የሚገባው እንደ ሰው መሳሳት ያለ ግልጽ ስህተት ሲኖር ነው፤ ማለትም ሰባት ቁጥር አጥፍቶ ስምንት ቁጥር ሲባረር። እህታችን ራሷ እሱ ነው ብላለች።

ይልቅ አምበላቸው የት ነበር? ዳኛውን ማናገር ካስፈለገ እሱ ነው የሚሄደው። አሁን አሁን በየአገሩ «አምበሉ ብቻ ይቅረብ» የሚለው አሠራር እየተለመደ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ተቃውሞ በቃልም በእጅም ቢገለጽ ቢጫ ነው፣ ስድብ ቀይ ነው፣ መንካት ደግሞ የምታዪው ነው።

መልስ፦ የቀድሞ ቡድን መሪ

ሁላችሁም ክለቡ ላይ ወረዳችሁበት። እስቲ የክለቡን በኩል ልናገር።

ዳኛ የገፋ ተጫዋች ቡድኑን በአሥር ሰው ያስጨርሳል፣ ለቀጣይ ጨዋታዎችም ያሳጣል፣ ክለቡንም ገንዘብ ያስቀጣል። ክለብ ይህን ዝም ብሎ አያይም፣ ማየትም የለበትም። ቡድን መሪ ሆነህ ስትሠራ የምትውለው በዚሁ ነው። ልምምድ ላይ በሰዓት መገኘት፣ ካምፕ ውስጥ ማታ የመግቢያ ሰዓት፣ ምግብ ላይ ስልክ፣ አውቶቡስ ማስጠበቅ፣ ፌስቡክ ላይ አሰልጣኝ መሳደብ። ለእያንዳንዱ ቅጣት አለ። ደህና ክለብ ይህን በውስጥ ደንብ ጽፎ፣ የውድድር ዓመቱ ሲጀመር ለተጫዋቹ አንብቦ ያስፈርማል።

ክለብ ከፌዴሬሽኑ በፊት ቀድሞ መቅጣቱም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ኤሪክ ካንቶና ተመልካች ላይ በእርግጫ ሲገባ መጀመሪያ ያገደው ማንቸስተር ዩናይትድ ራሱ ነው፤ እስከ ውድድር ዓመቱ መጨረሻ አግዶ 20 ሺህ ፓውንድ ቀጣው። የእንግሊዝ ፌዴሬሽን መጥቶ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ አራዘመበት።

ግን ገደብ አለው። ካርሎስ ቴቬዝ እ.ኤ.አ. በ2011 ሙኒክ ላይ አላሟሙቅም ብሎ ሲቀር ማንቸስተር ሲቲ የአራት ሳምንት ደሞዝ ሊቀጣው ፈለገ። የተጫዋቾች ማኅበሩ ከሁለት ሳምንት በላይ አልፈቅድም ስላለ ቅጣቱ በግማሽ ወረደ። በዓለም ሀብታም ከሚባሉት ክለቦች አንዱ ሁለት ሳምንት ላይ ከቆመ፣ በቃል ብቻ የሦስት ወር ደሞዝ መቅጣት ከየት መጣ? እህቴ፣ ወንድምሽ የፈረመው የውስጥ ደንብ ካለ ፈልጊና ምን እንደሚል እዚህ ጻፊልን።

የስምንት ቁጥር እህት

አግኝተነዋል! ከውሉ ጋር ተያይዞ ነው ያለው፣ እሱ አንብቦት አያውቅም። «በዳኛና በውድድር አመራር ላይ ለሚፈጸም ጥፋት እንደ ጥፋቱ ክብደት እስከ አንድ ወር ደሞዝ የሚደርስ ቅጣት» ይላል። ከሱ በፊት ደግሞ «ተጫዋቹ ሐሳቡን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ይደረጋል» የሚል አለ። ማንም ጽፈህ አቅርብ አላለውም።

መልስ፦ የውል ነገር

ሕግ ባለሙያ ነኝ። ይሄ ደንብ ጥሩ መሣሪያ ነው። ክለቡ ራሱ የጻፈውን ነው የጣሰው።

ለምን እንደሚያስፈርሙት ልንገርሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ከደሞዝ መቁረጥ የሚችለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲኖር፣ አለዚያ ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በደንቡ አንድ ወር ብቻ ነው ያላቸው። ቀሪውን ሁለት ወር የሚያገኙት በሱ ፊርማ ነው። ያውም ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ክለቡ «ይህ የስፖርት ውል ነው፣ አዋጁ አይመለከተንም» ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ያኔም የፈረሙት ደንብ አለ።

ወረቀት ከሰጡት ማድረግ ያለበት ይህ ነው። ደብዳቤ ከሆነ «ደርሶኛል፣ በይዘቱ አልተስማማሁም» ብሎ ቀን ጽፎ ይፈርም። የስምምነት ወረቀት ከሆነ ጭራሽ አይፈርም፣ ቅጂ ግን ይጠይቅ።

ጥሎ መውጣቱ ላይ፦ እንዳያስበው። የፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ፣ ክለቡ ያለአግባብ የሁለት ወር ደሞዝ ካልከፈለ ተጫዋቹ በጽሑፍ አስጠንቅቆ ቢያንስ 15 ቀን ሰጥቶ፣ ያም ካለፈ ውሉን ማቋረጥ ይችላል ይላል። ወንድምሽ ያለው አንድ ወር ነው። አሁን ቢወጣ ውል አፍራሹ እሱ ይሆናል፤ መልቀቂያ ሳይዝ ሌላ ክለብ ቴሴራ (የተጫዋችነት መታወቂያ) አያወጣለትም፣ ካሳም ሊጠየቅ ይችላል። አድሪያን ሙቱ በአደንዛዥ ዕፅ ጥፋቱ ምክንያት ቼልሲ ውሉን ሲያቋርጥ ከ17 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ክፈል ተብሏል። የናንተ ልኩ ሌላ ነው፣ መርሁ ግን አንድ ነው፦ ያለ በቂ ምክንያት ውል ያስፈረሰ ወገን ይከፍላል።

«ለፊፋ እንጻፍ» የሚላችሁ ሰውም አይጠፋም። ተጫዋቹም ክለቡም የዚሁ አገር ስለሆኑ ክርክሩ ወደ ፊፋ አይሄድም፤ እዚሁ ፌዴሬሽኑ ባሉት አካላት ነው የሚታየው። ያለፈው ወር ደሞዝ ደግሞ ከቅጣቱ ጋር አይደባለቅ። ያ ሠርቶ ያገኘው ነው። ለብቻው በደብዳቤ ይጠይቅ።

መልስ፦ ጡረተኛው ፊሽካ

ማንም ያልነካት አንድ ነገር አለች፣ ለኔ ከሁሉም አስቸኳይ እሷ ናት። አሰልጣኙ ለእሁድ ተዘጋጅ ብሎታል አልሽ አይደል? ቀይ ያየ ተጫዋች ቀጣዩን ጨዋታ የሚቀጣው በራሱ በካርዱ ነው። ደብዳቤ አይጠበቅም። የኮሚቴው ደብዳቤ የሚመጣው ተጨማሪውን ለመንገር ነው።

ይህች ነገር አገር አዋርዳለች። በ2005 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ብሔራዊ ቡድናችን ቦትስዋና ሄዶ 2 ለ 1 አሸነፈ። ምንያህል ተሾመ ግን በሁለት ቢጫ ካርድ ያንን ጨዋታ መቀጣት ነበረበት። የቆጠረ ሰው አልነበረም፣ ልጁ ተሰለፈ። ፊፋ ጨዋታውን 3 ለ 0 ለቦትስዋና ሰጠ፣ በገንዘብም ቀጣን። ደግነቱ በመጨረሻ ከምድቡ አልፈን ከናይጄሪያ ጋር ለመጫወት በቃን። ጥፋቱ የተጫዋቹ አልነበረም፤ ካርድ መቁጠር የአስተዳደሩ ሥራ ነው። ግን እስከዛሬ የሚነሳው የልጁ ስም ነው።

ስለዚህ እሁድ ተቀያሪ ወንበር ላይ እንኳ እንዳይቀመጥ። ለቡድን መሪው ዛሬውኑ በጽሑፍ ይንገረው።

መልስ፦ ቀኝ መስመር

ጋሼ ልክ ነዎት። አሰልጣኙ ተጫዋች ስለጎደለው ነው እንጂ እሱም ያውቀዋል።

የስምንት ቁጥር እህት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱን አልፈረመም። ደንቡን ጠቅሰን ደብዳቤ ጽፈን ዛሬ ለጽሕፈት ቤቱ አስገባን፤ ጸሐፊዋ ቅጂው ላይ ማኅተም መትታልናለች። ሥራ አስኪያጁ አንብቦት «ሦስት ወር ያልኩት በንዴት ነው፣ ለማንኛውም ሰኞ ና» ብሎታል። የደሞዙን ለብቻው ጠይቀናል። እሁድ አይጫወትም።

አንድ የቀረኝ፦ ከጓደኞቹ አንዱ በስልክ የቀረጸው ቪዲዮ አለ። ዳኛው እንዳልወደቀና እንዳልተመታ ያሳያል። ይጠቅመናል? ይቅርታ መጻፉስ?

መልስ፦ ጡረተኛው ፊሽካ

ቪዲዮው ቀዩን አያነሳውም። ግን ሪፖርቱ «መታኝ» ካለ፣ መግፋት መሆኑን ለኮሚቴው ማሳየት ትችላላችሁ። ሳይቆራረጥ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስጡ። ስድቡም አብሮ እንደሚሰማ እወቁ። ቪዲዮ ለሁለቱም ወገን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓለም ዋንጫ ላይ የኡራጓዩ ሱዋሬዝ የጣሊያኑን ኪዬሊኒን ሲነክስ ዳኛው አላየም፣ ካርድም አላወጣም፣ በኋላ በምስል ተይዞ ነው 9 የብሔራዊ ቡድን ጨዋታና 4 ወር ከኳስ የታገደው።

ይቅርታውን ይጻፍ፣ ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ቶሎ። ለዲሲፕሊን ኮሚቴው ይሁን፣ በክለቡ በኩል ይግባ። ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። ምን እንዳደረገ በግልጽ ይበል፤ «ስሜታዊ ሆኜ» ብቻ ብሎ አይለፈው። ከዚህ በፊት ቀይ አይቶ የማያውቅ ከሆነ ይጥቀሰው። ስለ ፍጹም ቅጣት ምቱ አንዲት መስመር እንዳትገባ። የዳኛውንም ስልክ ፈልጎ እንዳይደውል፤ ማባበል ወይ ማስፈራራት ተብሎ ሌላ ክስ ያመጣበታል።

መልስ፦ የቀድሞ ቡድን መሪ

የኮሚቴው ውሳኔ ለክለቡ ነው የሚደርሰው፣ ለተጫዋቹ አይደለም። ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ አጭር ነው፤ ደብዳቤው ደግሞ ጽሕፈት ቤት መሳቢያ ውስጥ ሊተኛ ይችላል። ያቺን ማኅተም የመታችላችሁን ጸሐፊ በየሁለት ቀኑ ይጠይቃት።