የክዋክዋካዋክው ጨፋሪዎች ራስ ላይ የሚደፉት ወፍ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ እንጨት ቀራጭ ነኝ። በካናዳ ምዕራብ ጠረፍ የሚኖሩት ነባር ሕዝብ ክዋክዋካዋክዎች ሲጨፍሩ የሚደፉትን ከእንጨት የተቀረጸ የወፍ ራስ በፎቶ አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። ያን ሁሉ እንጨት አንገት እንዴት ይችለዋል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀይ ዝግባ የሚሉት እንጨት ነው፤ ቀላልና ለመቅረጽ የሚመች (የኛው ዝግባ ግን አይደለም)። ሃማትሳ በሚባለው የክረምት ሥርዓት ጭፈራቸው የሚወጡት ወፎች ምንቃራቸው ረጅም ነው፣ ጨፋሪው ገመድ ሲስብ ይከፈትና ጧ ብሎ ይገጥማል። ከሥሩ የሚንዠረገገው የዛፍ ልጥ ነው።

መልስ፦ እኔ የምወደው የሰላም ጭፈራውን ነው። ግንባር ላይ የተቀረጸ ምስል ይታሰራል፣ ከላይ የባሕር አንበሳ የሚባለው የባሕር እንስሳ ጢም ዙሪያውን ይቆማል፣ መሐሉ ላይ የንስር ለስላሳ ላባ ይሞላና ጨፋሪው ራሱን ሲነቀንቅ ላባው ቤቱን ሁሉ ያለብሰዋል። የሰላም ምልክት ነው። እንዴት ደስ ይላል!

መልስ፦ ታሪኩንም እወቁት። የካናዳ መንግሥት ፖትላች የሚባለውን ድግሳቸውን እ.ኤ.አ. ከ1885 እስከ 1951 ከልክሎ ነበር። በ1921 ከተደረገ ትልቅ ድግስ በኋላ ሰዎች ታሰሩ፣ ጭምብሎቹ ተወሰዱ። ብዙዎቹ ተመልሰው እዚያው ጠረፍ አለርት ቤይ በምትባል መንደር፣ ኡሚስታ በተባለው የባህል ማዕከላቸው ይታያሉ። የመቅደላን ቅርሶች ሳስብ ሆዴ ባር ባር ይላል። ጭምብሉም ጭፈራውም የቤተሰብ ርስት ነው፣ ዝም ብሎ አይቀዳም።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ምስሉን አልነካም፤ የገመዱን አሠራር ግን ነገ ዋንዛ ላይ እሞክረዋለሁ።