«ቡሌት ይሰነፍጣል» ሲባል ሙገሳ ነው ወይስ ወቀሳ?

ወለላ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞኝ ነው የመጣሁት። ቨርጂኒያ ባር ውስጥ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ ቦርበን ስለሚባለው የአሜሪካ ውስኪ ሲያስረዳኝ፣ «ሜከርስ ማርክ ቃናው ልዝብ ነው፤ ቡሌት ግን ይሰነፍጣል» አለኝ። የምሠራበትን ሬስቶራንት የመጠጥ ዝርዝር በአማርኛም ላወጣ ነው። «ይሰነፍጣል» ብዬ ብጽፍ ሰው ይሸሻል? እኛ ሰፈር ቃሉን የምንለው ሰናፍጭ አፍንጫ ሲወጋ ነው።

መሪጌታው፦
እህቴ፣ ከግሱ ስሙ ይቀድማል። ወንጌል ላይ «ኅጠተ ሰናፔ» ይላል፤ የሰናፍጭ ቅንጣት ማለት ነው። ሰናፔ ከግሪክ የመጣ ነው። አማርኛ ተቀብሎ ሰናፍጭ አለው፤ ከዚያ ግስ አወጣለት፣ ሰነፈጠ። ስለዚህ ሰናፍጭ በሌለበት ቤት መሰንፈጥ የለም።

አጥናፍ፦
መሪጌታ፣ በአክብሮት አልስማማም። ከቆረጠ ቆራጭ ይወጣል፣ ከመረጠ መራጭ። ጠ ወደ ጨ መዞሩ የታወቀ ነው። ሰናፍጭም «የሚሰነፍጥ» ማለት ነው። ግሱ ይቀድማል።

መሪጌታው፦
ቆረጠ ሦስት ፊደል ነው፤ ሰነፈጠ አራት። ከመሰከረ መስካሪ እንጂ «መሳክር» አይወጣም። እንደ እርስዎ ሕግ «ሰንፋጭ» ነበር መባል ያለበት። ይህን ቅኔ ቤት የገባ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

አጥናፍ፦
«ሰንፋጭ»ም እኮ ይባላል! እናቴ ስለ ጠንካራ አረቄ «ሰንፋጭ ነው» ነው የምትለው።

ባርቴንደሩ፦
ወንድሞቼ፣ ጥያቄው ስለ መጠጡ ነበር። ሁለቱንም በየቀኑ ስለምቀዳ የማውቀውን ልበል። ቦርበን በአሜሪካ ሕግ ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ ነው። የሚቀመጠውም ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ እንጨት በርሜል ነው። ቀለምና ማጣፈጫ መጨመር ክልክል ነው። የቫኒላውና የካራሜሉ ሽታ ከበርሜሉ ይመጣል፤ ይሄ በሁሉም ላይ አለ። የሚለያያቸው አንዱ ነገር ሁለተኛው እህል ነው። ሜከርስ ማርክ ስንዴ ይገባበታል፤ ስለዚህ ይለዝባል፣ ምላስ ፊት ላይ ጣፍጦ ያልፋል። ቡሌት ራይ የሚባል ስንዴ መሰል እህል አለው፣ 28 በመቶ። ቁንዶ በርበሬና ቀረፋ የሚመስለው ከዚያ ነው።

ወለላ፦
ራይን በአማርኛ ምን ልበለው? መዝገበ ቃላት «አጃ» ይላል።

አጥናፍ፦
አጃ ኦትስ ነው! አጥሚት የሚሆነው። በፍጹም እንዳትጽፊው። «ራይ» ብለሽ ተይው።

ዘውዲቱ ከዴንቨር፦
የኦክ በርሜሉ ነገር ማሰሮ በወይራ እንደማጠን ነው በሉኛ።

ባርቴንደሩ፦
ይቀራረባል ግን አይገጥምም፣ ዘውዲዬ። ወይራ ጭሱን ሰጥቶ ይሄዳል። እዚህ እንጨቱ ራሱ ይከስላል፤ ከዚያ መጠጡ ለዓመታት እንጨቱ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ይኖራል። ዋይልድ ተርኪ የሚባለው ቦርበን በጣም የከሰለውን ነው የሚመርጠው፣ 4ኛውን ደረጃ። የውስጡ ገጽ እንደ አዞ ቆዳ ስለሚሰነጣጠቅ «አዞ» ይሉታል። ቀምሰሽ ስታይው ጠቆር ያለ፣ የተቃጠለ ስኳር የሚመስል ነገር ታገኛለሽ።

መሪጌታው፦
ለመሆኑ የሚሰነፍጠው አልኮሉ ብቻ ቢሆንስ? ደረቅ አረቄ ሁሉ አፍንጫ ይመታል። ራዩን ማን መሰከረበት?

ባርቴንደሩ፦
መሪጌታ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የተለመዱት ጠርሙሶች፣ ሜከርስ ማርክም ቡሌትም፣ ሁለቱም 45 በመቶ አልኮል ናቸው። አልኮሉ እኩል ሆኖ አንዱ አፍንጫ ካልነካ፣ ሌላው ከነካ፣ ምክንያቱ አልኮሉ አይደለም፤ እህሉ ሳይሆን አይቀርም። አልኮሉ ሲበዛ የሚሆነው ሌላ ነው፤ ያ ምላስ ይለበልባል፣ ደረት ያሞቃል። መሰንፈጥ አፍንጫ ላይ ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ።

አጥናፍ፦
እንግዲህ ያለ ሰናፍጭም መሰንፈጥ አለ ማለት ነው፣ መሪጌታ!

መሪጌታው፦
ቃል ከተወለደ በኋላ የትም ይሄዳል፤ ያ ስለ ትውልዱ አይመሰክርም። አሁንስ የገረመኝ «ቃናው ልዝብ» የሚለው ነው። ቃና ከቃና ዘገሊላ ነው። ውኃው ወይን ሲሆን አሳዳሪው ቀምሶ የለየው ጣዕሙን ነው። ጉባኤ ቃና የሚባለው ባለ ሁለት ቤት ቅኔም ስሙን ያገኘው ከዚያው ሰርግ ነው።

ዘውዲቱ ከዴንቨር፦
ታዲያ የበገና ቃናስ? ክራር ስንቃኝ ቃና እናወጣለን። ቃኘ፣ ቅኝት፣ ቃና፤ ቤተሰብነታቸው ግልጽ ነው። የገሊላዋ ከተማ በድምፅ ብቻ ነው የገጠመች።

ወለላ፦
እባካችሁ፣ ዝርዝሩ ነገ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። «ይሰነፍጣል» ልጻፍ ወይስ አልጻፍ?

ባርቴንደሩ፦
እኔ ብሆን ለፎር ሮዝስ ጭምር አስብበት ነበር። እነሱ በሁለት የእህል ድልድልና በአምስት ዓይነት እርሾ 10 የተለያዩ ቦርበኖች ነው የሚያወጡት። አንዱ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይላል፣ ሌላው ቅመም። አንድ ቃል ለሁሉም አይበቃሽም።

አጥናፍ፦
«ቅመም ቅመም ይላል» ብትይስ? ቀመሰና ቀመመ ከአንድ ሥር ሳይሆኑ አይቀሩም።

መሪጌታው፦
አይሆንም! ሰ እና መ ምን አገናኛቸው? ቀመመ ማጣፈጥ ነው፣ ቀመሰ ምላስ ማስነካት። ዘውዲቱ፣ ወደ ቃኘ እንመለስ። ግእዙ ቀነየ ነው፤ ቅኔም ከዚያው ይወጣል። እሱን ከተቀበልሽ ደግሞ ጉባኤ ቃናን የት ልታደርጊው ነው?