የጣና ዳርን ኑሮ የቀረጸው እንስሳው ነው፣ መሣሪያው ነው ወይስ ውኃው?

ሐይቅ ዳር፦
ትናንት ባሕር ዳር ላይ ደንገል ከተባለው የውኃ ዳር ተክል የተሠራች ታንኳ ከሞተር ጀልባ ጎን ታስራ አየሁ። የጣና ዳርን ሰው አኗኗር ይበልጥ የቀረጸው እንስሳው ነው፣ መሣሪያው ነው ወይስ ራሱ ሐይቁ? አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

ደንገል፦
እኔ ከጉማሬ እጀምራለሁ። የጣና ዳር ነዋሪ የሆነው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባቶች ጉማሬ እያደኑ ሥጋውን ይበሉ ስለነበር፣ ጎረቤቶቻቸው ከእነርሱ ጋር ማዕድ መጋራትንም ሆነ መጋባትን ይጸየፉ ነበር፤ አንድ እንስሳ በሰውና በሰው መካከል ለትውልዶች አጥር ሆኖ ቆየ ማለት ነው። አደኑ ሲቀር መገለሉ አብሮ አለመቅረቱ እጅግ ያሳዝነኛል።

አምባዛ፦
እውነት ነው፤ ሆኖም መሣሪያውን አናቃልለው። ታንኳ ውኃ እየመጠጠች ስለምትከብድ በየጊዜው ፀሐይ ላይ መድረቅ አለባት፤ ስለዚህ አሥጋሪው ከዳር ብዙም አይርቅም ነበር። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ሲመጡ መሀል ሐይቁ ተከፈተ፣ ዓሣውም እስከ አዲስ አበባ ገበያ ደረሰ። ጉዳቱ ግን ክረምት ላይ ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ የሚወጡት ዓሦች በወንዞቹ አፍ በተዘረጋ መረብ እንቁላላቸውን እንደያዙ መጠመዳቸው ነው።

የፎገራ ልጅ፦
እምቦጭ የተባለውን የውኃ አረም ረሳችሁት! በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታወቀ ወዲህ፣ ከማሳ ታጥቦ የሚወርደው ደለልና ማዳበሪያ እየመገበው ዳርቻውን ወረረው። ማሽን ቢመጣም ብዙው ሥራ የወደቀው ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ በሚነቅል ገበሬ ላይ ነው። ውኃው ሲሸሽ የሚዘራ ሰው አስቀድሞ መሬቱ ላይ የተኛውን አረም ማንሣት ግድ ይለዋል። እኛ ቤት ድሮ ደቦ የሚጠራው ለአጨዳ ነበር፤ አሁን ለእምቦጭም ጠላ ይጠመቃል።