ስፐርም አዲስ ፕሮቲን አይሰራም፣ ታዲያ ጅራቱን ማን ነው የሚያዘው?

ሳራ_ባዮ፦
ሰላም ቤቶች፣ ፈተና ደርሶብኛል እና አንድ ነገር አልገባ ብሎኛል። ኤፒዲዲሚስ (ከወንድ ዘር ፍሬ የወጣ ስፐርም የሚበስልበት ቱቦ) ጭራ ማለትም መጨረሻው ላይ ያለ ስፐርም ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ ልክ ሲረጭ ግን ወዲያው መዋኘት ይጀምራል። ዲኤንኤው ጥቅጥቅ ብሎ ስለታሸገ ጂን አያነብም ተብለናል፣ እና በዚች ቅጽበት ምን ተገኘ? አስተማሪያችን "ፎስፎሪሌሽን ነው" ብሎ ወደ ቀጣዩ ስላይድ አለፈ 😅 ፎስፎሪሌሽን ፕሮቲን ላይ ፎስፌት መለጠፍ ነው፣ ግን ፎስፌት ተለጠፈም ተነሳም ጅራት እንዴት ይወዛወዛል??

ናቲ_ላብ፦
አዲስ መስራት ስለማይችል ነዋ ያለውን ፕሮቲን የሚነካካው። መነሻው ባይካርቦኔት ነው፣ ኤፒዲዲሚስ ውስጥ ዝቅተኛ ነው ሴሜን (የዘር ፈሳሽ) ውስጥ ግን ከፍ ይላል፣ ወደ ስፐርሙ ሲገባ ሶሉብል አዴኒሊል ሳይክሌዝ የሚባለውን ኢንዛይም በቀጥታ ይቀሰቅሰዋል (እንደሌሎቹ ሳይክሌዞች ጂ ፕሮቲን አይጠብቅም፣ ይሄ የታወቀው በ2000 ነው) ከዛ ሳይክሊክ ኤኤምፒ (ሴል ውስጥ መልእክት የሚያደርስ ትንሽ ሞለኪውል) ይጨምራል፣ እሱ ፒኬኤ የሚባለውን ካይኔዝ (ፎስፌት የሚለጥፍ ኢንዛይም) ከታሰረበት ይፈታዋል፣ ፒኬኤ ደግሞ ጅራቱ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ሴሪንና ትሪዮኒን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ጅራቱን የሚያጣጥፈው ዳይኒን የሚባል ሞተር ፕሮቲን ነው፣ ኤቲፒ እየበላ አንዱን ማይክሮቱቡል (በጅራቱ ርዝመት የተዘረጋ ቀጭን የፕሮቲን ቱቦ) በጎረቤቱ ላይ ያንሸራትታል፣ ፎስፎሪሌሽኑ የሚቀይረው ምቱን ነው። ኤቲፒ ለጉልበት ፎስፎሪሌሽን ለቁጥጥር፣ ፈተና ላይ እንዳታምታቺው።

ይሄ ሳይክሌዝ የሌላቸው ወንድ አይጦች መሀን ናቸው፣ ስፐርማቸው ባለበት ይንቀጠቀጣል እንጂ ወደፊት አይሄድም። ወደ ሴል መግባት የሚችል ሳይክሊክ ኤኤምፒ ሲጨመርበት ግን ይሄዳል!

ዶክ_ከብት፦
ናቲ ልክ ነህ ግን ሁሌ ስለሚለጥፈው ብቻ ነው የሚወራው፣ ስለሚያነሳውስ? ኤፒዲዲሚስ ራስ ላይ ያለ ስፐርም ገና መዋኘት አይችልም፣ እዛ ፒፒ1 ጋማ 2 የሚባለው ፎስፋቴዝ (ፎስፌት የሚያነሳ ኢንዛይም) በጣም ንቁ ነው፣ ወደ ጭራው እየሄደ ሲበስል እየቀነሰ ይመጣል። ከኮርማ ኤፒዲዲሚስ ራስ ላይ ስፐርም ወስደሽ ካሊኩሊን ኤ ብታደርጊበት፣ ማለትም ፎስፋቴዙን ብቻ ብታፍኚው፣ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ካይኔዝ የሚባል ምንም አልጨመርሽም እኮ። እና ሳራ "ፒኬኤ ያስነሳዋል" ብለሽ ብቻ ከጻፍሽ ግማሹን ነው የመለስሽው።

ሳራ_ባዮ፦
ዶክ ይሄን ማንም አልነገረን 🙏 ታይሮሲን የሚባለው አሚኖ አሲድስ? ስላይዱ ላይ ካፓሲቴሽን (ስፐርም እንቁላል ለማዳቀል ብቁ የሚሆንበት ለውጥ) ማለት ታይሮሲን ፎስፎሪሌሽን ነው ይላል

ናቲ_ላብ፦
እሱ ያከራክራል። ካፓሲቴሽን በ1951 ቻንግና ኦስቲን ለየብቻ ያገኙት ነገር ነው፣ ታይሮሲን ላይ ያለው ፎስፎሪሌሽን አብሮት እንደሚጨምር አይጥ ላይ የታየው ግን በ1995 ነው፣ ፒኬኤ በደቂቃ ውስጥ ሲነሳ እሱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ከዛ ሁሉም ሰው ያለሱ እርግዝና የለም ብሎ አሰበ፣ በ2016 ግን ፌር የሚባለው ካይኔዝ እንዳይሰራ የተደረገባቸው አይጦች ታይሮሲን ፎስፎሪሌሽኑ ጠፍቶባቸውም ወለዱ፣ የደከሙት ላብራቶሪ ውስጥ ሲዳቀል ነው። ያ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ጅራፍ የመሰለ ምት ደግሞ ካትስፐር በሚባለው ቻናል የሚገባ ካልሲየም ይፈልጋል፣ ስለዚህ ስላይዱ በጣም አሳጥሮታል።

ሄኖክ፦
የወንድ ወሊድ መቆጣጠሪያ የሚሉት በዚሁ መንገድ አይደል?

ናቲ_ላብ፦
አዎ ያንኑ ሳይክሌዝ የሚያፍን መድሀኒት በ2023 አይጥ ላይ ወጥቷል፣ አንድ ዶዝ ለጥቂት ሰአት ስፐርሙን ያቆመዋል፣ በማግስቱ ይመለሳል። አይጥ ነው ግን፣ ሰው ላይ ደርሷል ብለህ እንዳታወራ 😂

ዶክ_ከብት፦
ሰው ሰራሽ ማዳቀል ላይ ለምትሰሩ አንድ ነገር ልጨምር። በናይትሮጅን የቀዘቀዘ አባላዘር (የኮርማ ሴሜን) ሲቀልጥ ካፓሲቴሽን የሚመስል ለውጥ ቀድሞ ይጀምረዋል፣ ማይክሮስኮፕ ስር ስታዩት ይሮጣል፣ ግን እድሜው አጭር ነው። እንቁላሉን ቆሞ አይጠብቅም። ለዛ ነው ጠዋት ድራት (ኮርማ የመፈለግ ምልክት) የታየባት ላም ከሰአት ትዳቀል የምንለው፣ ስትሮውንም (ዘሩ የታሸገበትን ቀጭን ቱቦ) አቅልጣችሁ ላሟ እስክትታሰር በእጅ ይዛችሁ አትቁሙ።